የእናቴ ኩበት እና የኢኮኖሚክስ ወሰን

ማስተርሴን ስጀምር ለአማካሪዬ ያቀረብኩት የመጀመሪያ ሐሳብ ስለ ኩበት ነበር። አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ ነበር። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ እናቶች ኩበት ጠፍጥፈው ከተማ አውጥተው ይሸጣሉ። ይሄ ገቢ ለቤቱ ምን ያህል ነው? እበቱ ለማገዶ ሲውል ማሳው ምን ይቀርበታል? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

አማካሪዬ ወረቀቱን አየት አደረገና መለሰልኝ። "ይሄ ኢኮኖሚክስ አይደለም። ወይ ግብርና ሂድ፣ ወይ ሶሾሎጂ።"

ክፉ ሰው አልነበረም። ቶሎ እንድጨርስና ሥራ እንድይዝ ነበር የፈለገው። ሦስት ሳምንት ቆይቼ "የማዳበሪያ አጠቃቀም ወሳኝ ምክንያቶች" የሚል ርዕስ ይዤ ተመለስኩ። ወዲያው ጸደቀልኝ። ዲፌንስ አደረግኩ፣ ተመረቅኩ። ያቺ አንድ ቃል ግን ከውስጤ አልወጣችም። ኢኮኖሚክስ አይደለም ከተባለ፣ ኢኮኖሚክስ የት ጋ ነው የሚያበቃው?

ስለ ኩበቱ መጀመሪያ ልንገራችሁ። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ወሰን ማውራት ከንቱ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ብቅ ሲል እናቴ ሥራ ትጀምራለች። የእኛ አገር ጠዋት በኅዳር ውርጭ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። እሷ በዚያ ብርድ ከጋጣው እበቱን ትዝቃለች፣ ጭድ ትጨምርበታለች፣ በእግሯ ታሸዋለች። ከዚያ በእጇ እያድቦለቦለች መሬት ላይ ትጠፈጥፈዋለች። የአምስት ጣቷ ምልክት እያንዳንዱ ኩበት ላይ ይቀራል። ልጅ ሆኜ የእናቴን ኩበት ከጎረቤት ኩበት የምለየው በጣቶቿ ነበር። አንዱ ጎን ሲደርቅ ይገለበጣል፣ ካቡ ላይ ይደገፋል። ሲበቃው ተከምሮ ክምሩ ከላይ በእበት ይለቀለቃል። ዝናብ ቢመጣ ውሃው ተንሸራቶ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

አሁን ምርጫው ይመጣል። ያ እበት ፍግ ሆኖ ገብሱ ማሳ ላይ መውደቅ ይችላል። ምድጃ ውስጥ ገብቶ እንጀራ ሊጋግር ይችላል። አህያ ላይ ተጭኖ ደብረ ብርሃን ወርዶ ጨውና ዘይት፣ ደብተርና ሳሙና ሆኖ ሊመለስም ይችላል። ሦስቱንም በአንዴ መሆን አይችልም። እናቴ በየዓመቱ ስንት ጭነት እንደምትሸጥ፣ ስንቱን እንደምታስቀር፣ ስንቱን ለጓሮዋ ጎመን እንደምትተው ታውቃለች። ወረቀት ላይ አትጽፈውም። ስትጠየቅ ግን ምክንያቷን አንድ በአንድ ታስረዳለች። ዘንድሮ የማዳበሪያ ዋጋ ንሯል፣ ስለዚህ ፍጉን ለማሳው እንተው። ባሕር ዛፉ ለቆረጣ ደርሷል፣ ስለዚህ ለምድጃ ቅጠሉና ጭራሮው ይበቃል። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፣ ስለዚህ ይሸጥ።

እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ላዮኔል ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ለሙያው አንድ ትርጉም ሰጠ። ፍላጎታችን ብዙ ነው፣ ያለን ነገር ጥቂት ነው፣ ያ ጥቂት ነገር ደግሞ ለብዙ ጥቅም ሊውል ይችላል፤ ኢኮኖሚክስ ሰው በዚህ መሃል እንዴት እንደሚኖር የሚያጠና ትምህርት ነው አለ። እስከ ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚሸመድደው ይሄንኑ ነው። ከሱ በፊት በ1890 አልፍሬድ ማርሻል ነገሩን የበለጠ ቀላል አድርጎት ነበር። ሰውን በዕለት ተዕለት የኑሮ ሥራው ላይ እያለ ማጥናት ነው ብሎ። የማርሻልን እወደዋለሁ። በየትኛውም ትርጉም ብትሄዱ ግን እናቴ መሃል ላይ ቆማ ታገኟታላችሁ።

የሙያው ታሪክም ወሰኑን እያሰፋ ነው የመጣው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጋሪ ቤከር ትዳርን፣ ወንጀልን፣ መድልዎን በኢኮኖሚክስ መሣሪያ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። በ2002 የተሸለመው ዳንኤል ካህነማን የሥነ ልቦና ሰው ነበር። የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ማኅበር ጥናቶችን የሚመድብበት ዝርዝር አለ። ከኤ ተነስቶ ዜድ ይደርሳል፣ 20 ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ግብርናና የተፈጥሮ ሀብት አንድ ፊደል አላቸው። ጤና፣ ትምህርትና ደኅንነት ሌላ ፊደል። ሕግ ሌላ። የኢኮኖሚ ታሪክ ሌላ። ባህልና ሃይማኖት እንኳ ዜድ ስር ቦታ አላቸው። አንድ ቀን ዝርዝሩን ከፍቼ ኩበቱ የት እንደሚገባ ፈለግሁ። ቢያንስ አራት ቦታ አገኘሁለት።

ነገሩን ከሁሉ በላይ የገለጠችልኝ ግን አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም ነች። ደግሞ በመንዝ በኩል።

ጓሳ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የመንዝ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራል። ያን ሣር የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የአጠባበቅ ሥርዓት ጠብቆ አቆየው። የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ ባለርስቶች አለቃ ይመርጣሉ። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል። ሳይከፈት ያጨደ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ኋላ ላይ ደግሞ ማኅበረሰቡ መልኩን ቀይሮ አነሳው፣ ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰብ ይጠበቃል።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የተማርኩት ግን ሌላ ነበር። የጋራ የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም፤ ሁሉም ለራሱ ይግጣል፣ በመጨረሻ ባዶ መሬት ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ነው፣ ወይ ለግለሰብ መስጠት ወይ መንግሥት መያዝ። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ከጻፈው የመጣ ሐሳብ ነው። ፈተና ላይ ይሄንኑ ጻፍኩና ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ጓሳ ከደብረ ብርሃን የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ያን ቀን አንድም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ "መንዝስ?" ብሎ አልጠየቀም።

ኦስትሮም ጠየቀች። ጓሳን አይደለም፤ የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓንን የመንደር ደን፣ የስፔንንና የፊሊፒንስን መስኖ ነው የተመለከተችው። ሰዎች ድንበሩን ካወቁ፣ ሕጉን ራሳቸው ካወጡ፣ ጠባቂውን ራሳቸው ከመረጡ፣ ቅጣቱም ከጥፋቱ ጋር የሚመጣጠን ከሆነ የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊቆይ እንደሚችል አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሲሰጣት በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ትምህርቷ የፖለቲካ ሳይንስ ነበር። ያኔ ከሙያው ሰዎች "ማን ናት እሷ?" ያሉ ነበሩ። ዜናውን ሳነብ የአማካሪዬ ቃል ትዝ አለኝ። ኢኮኖሚክስ አይደለም።

እድርንም እንደዚሁ ውሰዱት። እድር ማለት መድን ነው። በየወሩ ይዋጣል፣ መዝገብ አለው፣ ያልመጣ ይቀጣል፣ ሰው ሲሞት ይከፍላል። ታዲያ ለምን በሞት ላይ ብቻ? የእኛ አገር ትልቁ ጠላት ውርጭ ነው። ባቄላው አበባ ላይ እያለ በአንድ ሌሊት ያነደዋል። ለምንድን ነው ለውርጭ እድር የሌለን?

ይሄን ጥያቄ አባቴን ጠይቄው ነበር። ሳያስብ መለሰልኝ። "ውርጭ ሲመታ ሁላችንንም ነው የሚመታን። ማን ለማን ያዋጣል?" የመድን ኢኮኖሚክስ ግማሹ ይሄ ነው። ሞት አንድ ቤት ሲገባ ሌላው ቤት ሊረዳ ይችላል። ውርጭና ድርቅ ግን መንደሩን በሙሉ አንድ ላይ ያራቁታል፤ ስለዚህ መንደር ለመንደሩ መድን መሆን አይችልም፣ ከሩቅ የሚመጣ እጅ ያስፈልጋል። ሌላም አለ። ሞትን ማስመሰል አይቻልም። ለቀስተኛው ራሱ ምስክር ነው። ሰብሌ ጠፋብኝ የሚልን ሰው ግን ስንፍና ይሁን ውርጭ ማን ይለየዋል? በዓለም ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ኢትዮጵያ እድር የተጻፉ ጥናቶች አሉ። ያነበብኳቸው አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ቀብሩን ያስፈጸመው እድሩ ነበር። ድንኳኑን ተከሉ፣ ወንበሩን ደረደሩ፣ ሦስት ቀን አብረውን ዋሉ። ጥናቶቹን ሳነብ የአባቴን ድምፅ ነበር የምሰማው።

ከጥናቶቹ አንዳንዶቹ የተመሠረቱት በራሳችን አካባቢ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ማወቅ ግን ነበረበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ክፍል፣ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም አንድ ትልቅ የገጠር ጥናት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 በጥቂት መንደሮች ተጀምሮ በ1994 ወደ 15 መንደሮችና ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦች አደገ። እነዚያኑ ቤተሰቦች እየደጋገመ እስከ 2009 ጠየቀ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ መንደሮች ውስጡ አሉ። አንኮበር ግርጌ ያለችው ዲንኪም አለች። ስለ አፍሪካ ገጠር ከተጻፉት የታወቁ ጥናቶች ብዙዎቹ ከዚህ መረጃ የተቀዱ ናቸው።

ምን አገኙ? በአምስት ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ ድርቅ የመታው ቤተሰብ የነፍስ ወከፍ ፍጆታው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ድርቁ አለፈ ማለት ጉዳቱ አለፈ ማለት አይደለም። ሌላ ጥናት ደግሞ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድሃ የመሆንን ዕድል በ6.9 የመቶኛ ነጥብ፣ የግብርና ባለሙያ አንዴ እንኳ ቤት መምጣቱ ደግሞ በ9.8 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳየ። ቁጥር ደረቅ ነው የሚል ሰው ወደ አንኮበር ቁልቁለት ይሂድ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ ያየ ሰው፣ 6.9 ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እኛም ቤት ጠያቂዎች መጥተው ያውቃሉ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። የየትኛው ጥናት እንደነበሩ ዛሬም ድረስ በቤታችን የሚያውቅ የለም፤ የነገረን ሰው አልነበረም። አንድ ቀጭን ወጣት ነበር፣ ትልቅ የወረቀት ጥራዝ የያዘ። እናቴ ጠላ ሰጠችው፣ በርጩማ አቀረበችለት።

"እትዬ፣ ዘንድሮ ስንት ኪሎ ገብስ አገኛችሁ?"

"በኪሎ አላውቀውም ልጄ። በቁና ልንገርህ?"

"ይሁን፣ ስንት ቁና?"

"በየትኛው ቁና? በእኛ ነው በገበያው?"

ልጁ ብዕሩን አንስቶ ቆየ። የእኛ ቁና ከገበያው ይተልቃል። ገበያው ላይ ያለው ደግሞ እንደ ሻጩ ነው። እናቴ ሁለቱንም አምጥታ አሳየችው። ልጁ አንድ ቁጥር ጻፈና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ስለ ኩበት አልጠየቀም። "ሌላ ገቢ አላችሁ?" አለ፣ እናቴ "የለንም" አለች። ከሥራ አልቆጠረችውም።

ያ "የለንም" ያሳስበኛል። ከዚያ ቤት ተነስቶ ሩቅ ይሄዳል። መጠይቅ ላይ ይገባል፣ ኮምፒውተር ላይ ይገባል፣ የሆነ ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ሆኖ ይወጣል። ዜሮውን ያየ ተመራማሪ የዚህ መንደር ሴቶች ከእርሻ ውጭ ገቢ የላቸውም ብሎ ይጽፋል። ዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሒሳብ አያያዝ ሥርዓት እንኳ እኮ ከዚያ የተሻለ ነው። በእሱ መሠረት ቤት ውስጥ የሚጠመቅ ጠላ፣ የሚለቀም ማገዶ፣ ከምንጭ የሚቀዳ ውሃ በመርህ ደረጃ የአገር ምርት ውስጥ ይቆጠራል። የማይቆጠረው ወጥ መሥራቱ፣ ልጅ ማሳደጉ፣ በሽተኛ ማስታመሙ ነው። ሕጉ ቢፈቅድም ግን መቁጠር የሚቻለው የሚጠይቅ ሲኖር ነው።

ስለዚህ የኢኮኖሚክስ ጥናት ወሰን የሚሰመረው መጽሐፍ ውስጥ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የሚሰመረው በርጩማ ላይ የተቀመጠው ልጅ የያዘው ወረቀት ላይ ነው። የተጠየቀው ወሰኑ ውስጥ ይገባል፣ ያልተጠየቀው ውጭ ይቀራል።

ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ስለ ወሎ ረሃብ የጠየቀው ሌላው ያልጠየቀውን ነው። ሁሉም "እህል ምን ያህል ጎደለ?" ሲል እሱ "ሰው ለምን እህሉን ማግኘት አቃተው?" አለ። በአገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም ነበር። ደሴ ላይ ዋጋው ብዙም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ግን ሰብሉም ከብቱም አልቆ የሚገዛበት አጣ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በጣርማ በር አልፎ በእኛ ከተማ ነው የሚሄደው። አባቴ በ66 ዓ.ም. በዚያ መንገድ ዳር ያየውን ሰው ሁሉ እስኪሞት ድረስ አልረሳም። ጠግቦ በልቶ እንኳ እጁን ሲታጠብ ያነሳው ነበር።

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይ የምቆጨው ለዚህ ነው። ርዕሱ አንድ ዓይነት ነው። "የእገሌ ነገር ወሳኝ ምክንያቶች፣ በእገሌ ወረዳ።" መጠይቁ ካለፈው ዓመት ተመራቂ ይወሰዳል። ሁለት ሳምንት ገጠር ይወጣል፣ ዳታው ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፣ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ፣ የቤተሰብ ብዛትና የመሬት ስፋት ወሳኝ ሆነው ይገኛሉ። ሁልጊዜ እነሱው ናቸው። የእኔም እንደዚያ ነበር። ተማሪውን አልወቅስም፤ ጊዜ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ ዕውቅና የሚያገኘውም በዚያ መንገድ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ግጭቱ ገጠር ወጥቶ መጠየቁን ራሱን አደገኛ አድርጎታል።

ግን እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የምንጃር ጤፍ አዲስ አበባ እስኪደርስ በስንት ደላላ እጅ ያልፋል? ኢኮኖሚስቷ እሌኒ ገብረ መድኅን የእህል ደላላን ሥራ ቁጭ ብላ አጥንታለች። ደላላ ሌባ ነው ብላ አላለፈችም፤ ገዢና ሻጭ እንዲገናኙ ምን ወጪ እንደሚቀንስ ለካች። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ምርት ገበያም ከዚያ ዓይነት ጥያቄ ጀርባ ያለ ነው። የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ሲበዙ የገበሬው ልጅ ለእርሻ ይቀራል ወይስ ደመወዝ ይመርጣል? እኩል አራሽ ለሆነ ሰው ማዳበሪያውን ማን ይገዛል? በቆላው ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሲረክስ ገበሬው ማሳ ላይ ጥሎት የሚሄደው ለምንድን ነው? እነዚህን ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያነሳቸዋል። ወረቀት ላይ ሲወጡ ግን አላይም።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ውጤቱ ይመለስ። ስለ ዲንኪ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ አብዛኛው በክፍያ የሚነበብ መጽሔት ላይ ነው። ዲንኪ ያለ ሰው ስለ ራሱ ድርቅ፣ ስለ ራሱ መንገድ ምን እንደተጻፈ በአማርኛ አንድ ገጽ ማግኘት አለበት። የእድሩ ስብሰባ ላይ ቢነበብ እንዴት ጥሩ ነበር! ተሳስታችኋል የሚል ሰው ይነሳል። ያም እርማት ራሱ ጥናት ነው።

ባለፈው ጥር እናቴ ዘንድ ሄጄ ሚዛን ይዤ ገባሁ። የልብስ ሻንጣ የሚመዘንበት፣ በእጅ የሚንጠለጠል ትንሽ ሚዛን ነው። ኩበቱን በጭነት፣ ገብሱን በቁና ልለካ አስቤ ነበር። ደብተርም ገዝቻለሁ፣ በራሴ ጊዜ ልሠራው። እናቴ አርጅታለች፣ ኩበቱን አሁን የምትጠፈጥፈው የወንድሜ ሚስት ናት። እናቴ ግን ከበሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ታየናለች።

ቁናውን ገብስ ሞልቼ፣ በእጄ ደልድዬ አንጠለጠልኩት። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። የጎረቤታችንን ቁና ተዋስኩና እሱንም ሞላሁ። ልዩነቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ሆነ። ደስ አለኝ። ሦስተኛውን ልሞላ ስል እናቴ ጠራችኝ።

"ባዶውን መዝነኸዋል?"

"የቱን እማዬ?"

"ቁናውን ነዋ። የእኛው አዲስ ነው፣ ጥብቅ ብሎ ነው የተሰፋው። የእነሱ አርጅቶ ቀሏል። ገብሱን ነው ስፌቱን ነው የምትመዝነው?"

ገብሱን ወደ ጆንያው መለስኩ። የጻፍኳቸውን ሁለት ቁጥሮች ሰረዝኩና ባዶውን ቁና ሚዛኑ ላይ አንጠለጠልኩት።